ከሠላሳ ስምንት በላይ

በ2091 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠዋት ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ማለት ቀርቷል። «ስንት አደርሽ?» ነው የሚባለው። መዝገቡ የእያንዳንዱን ሰው ቁጥር የሚያወጣው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ ሰው ፊቱን ታጥቦ ደረጃ እስኪወርድ ድረስ ስንት ሆኖ እንዳደረ ያውቃል።

ዶክተር ኤልዳና ሽብሩ በዚያ የግንቦት ሰኞ ዘጠና አንድ ሆና አደረች። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከዘጠና ወርዳ አታውቅም። ጎረቤቶቿም ይህን ስለሚያውቁ የሚጠይቋት ለወጉ ያህል ነበር። እሷም «ተመስገን፣ ያው ነኝ» ትላለች።

ቁጥሩ የጥቅስ ቁጥር ነው። አንድ ሰው የጻፈውን ጥናት ሌሎች በጥናታቸው ሲጠቅሱለት ይወጣል፣ ሲተዉት ይወርዳል። ኤልዳና ወጣት በነበረችበት ዘመን ይህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወሬ ብቻ ነበር። አሁን ግን የትኛው ድልድይ በየትኛው ብረት እንደሚሠራ፣ የትኛው በሽተኛ የትኛውን መድኃኒት ስንት ሚሊግራም እንደሚወስድ የሚወስነው መዝገቡ ነው። መዝገቡም የሚያምነው ብዙ የተጠቀሰውን ነው። ያልተጠቀሰ ነገር አልሆነም።

ባለፈው ዓመት በኤልዳና ስም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል። ያነበበችው አራቱን ነው። መዝገቡ ራሱ ከድሮ ሥራዎቿ እያዛመደ ይጽፋል፣ ራሱ ይገመግማል፣ ራሱ ያሳትማል። ከእሷ የሚጠበቀው ሰኞ ሰኞ ተቋሙ አዳራሽ ገብታ አውራ ጣቷን መስታወት ላይ ማሳረፍ ነው። በአንድ ጊዜ ስድስት ሰባቱን ታጸድቅና ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። አዳራሹ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቤተ ሙከራ ነበር።

ያ ሁሉ የቆመው በሁለት ሥራዎች ላይ ነው። አንደኛው በ2059 የሠራችው የልብ ልጥፍ ነው፤ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚያረጋጋውን መድኃኒት በቆዳ በኩል ቀስ እያለ የሚያስገባ፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጠቀምበት። አርባ አንድ ሺህ ጥናት ጠቅሶታል። ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ፓምፕ ነው። ይህኛውን ዘጠኝ ዓመት ለፍታበታለች፤ የተጠቀሰው ግን ጥቂት ጊዜ ነው፣ የሚጠቀሙበትም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ያን ሰኞ ተቋሙ በር ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ አንዲት ሴት መንገዷ ላይ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስስ የቆላ ልብስ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባለች፤ ካፖርቱን ያደረችበት ሆቴል ባለቤት እንዳዋሳት በኋላ ተናገረች። ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል።

«ዶክተር ኤልዳና እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልርዳሽ?»

«ሐዋ ሁመድ እባላለሁ። አፋር ውስጥ፣ ዓሊቡራ ከምትባል መንደር ነው የመጣሁት፤ የጤና ኬላው ነርስ ነኝ። ሠላሳ አንድ ደብዳቤ ልኬልዎት ነበር።»

«አንድም አልደረሰኝም።»

«አውቃለሁ። ቁጥሬ ዜሮ ነው። ዘበኛውም ዜሮ ነሽ ብሎ አላስገባኝም፤ ሁለት ቀን እዚህ ጠብቄዎታለሁ።»

ከአምስት በታች የሆነ ሰው የሚጽፈውን መዝገቡ ለማንም አያሳልፍም። ኤልዳና ይህን ታውቃለች፤ ደንቡ ሲወጣ ከደገፉት አንዷ ነበረች። ያኔ በየቀኑ ሁለት መቶ ደብዳቤ ይደርሳት ነበር።

«ታዲያ ሲመልሱልሽ ምን ይሉሻል?»

«ሁልጊዜ ያው ነው። ‹የጠቀሱት ምንጭ የለም› ይላል። እኔ ምን ልጥቀስ ዶክተር? ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ሐዋ ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። ስም፣ ዕድሜ፣ ልጥፉ የተለጠፈበት ቀን፣ የሞቱበት ቀን፣ ሰዓትና የዕለቱ ሙቀት በእጅ ጽሑፍ ተሰድሯል። ሠላሳ አንድ ሰው ነው።

«በሰው አንድ ደብዳቤ ነው የጻፍኩት» አለች። «ሁሉም የልብ ልጥፍ ያለባቸው ናቸው። ሁሉም የሞቱት ቀን ነው፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ። ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፣ በዚያው ይቀራሉ። ጩኸት የለ፣ ማቃሰት የለ። ነፍሳቸው ሳይወጣ የደረስኩባቸው አሉ፤ ልባቸው በደቂቃ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ጊዜ ነው የሚመታው። ልጥፉን ስነቅለው ሁለቱ ነቁ። የሁሉንም እንዳልነቅል ግን ያለ መዝገቡ ትእዛዝ አይፈቀድም።»

«ሙቀቱ ይሆናል» አለች ኤልዳና። «በቆላው በሙቀት የሚሞተው ሰው በየዓመቱ እየጨመረ ነው።»

«ሙቀቱ ከሆነ ልጥፍ የሌለባቸውን ለምን ይተዋል?»

«ልጥፉ እስከ አርባ አምስት ዲግሪ ድረስ ተፈትኗል፣ የእኔ እኅት።»

«ማን ፈተነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው እርስዎ ያውቃሉ» አለች ሐዋ። ስላቅ አልነበረበትም። ሦስት ቀን ተጉዛ የመጣችው ለዚሁ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ።

ኤልዳና ደብተሩን ልትወስደው እጇን ዘረጋች። ሐዋ አልለቀቀችም። «ያለኝ ይኸው አንድ ብቻ ነው። እዚሁ ያንብቡት» አለች። ከዚያ ጣቷን መካከል ላይ ባለ አንድ መስመር አሳረፈች። «ይህ አባቴ ነው። የለጠፍኩለት በእጄ ነው።»

ኤልዳና ያን ቀን ተቋሙ አልገባችም።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ሶልያና ዶሮ ያረባሉ፤ ጫጩት መፈልፈያ ማሽናቸው ሙቀቱን እስከ አርባ ስምንት ድረስ ማድረስ ይችላል። ኤልዳና ለጥቂት ቀን ተዋሰችው። ከተቋሙ መጋዘን ማንም የማይፈልገውን የድሮ የመድኃኒት መለኪያ በካርቶን አድርጋ አመጣች። ሐዋ ከጤና ኬላው ይዛ የመጣቻቸው ያልተከፈቱ ልጥፎች ነበሩ። እነሱን አንድ በአንድ ጨው ያለበት ውሃ ላይ እያሳረፉ፣ ማሽኑ ውስጥ እያስገቡ፣ በየሰዓቱ ምን ያህል መድኃኒት እንደወጣ ለኩ። ሐዋ ትጽፋለች፣ ኤልዳና ታነባለች። አራት ቀን ፈጀ። ኤልዳና በእጇ የሆነ ነገር ከለካች አሥራ አንድ ዓመት አልፏት ነበር።

ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ላይ ልጥፉ የሚሰጠው ጥናቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። አርባ ላይ ትንሽ ጨመረ። አርባ ሁለት ላይ እጥፍ ሆነ። አርባ አራት ላይ አራት እጥፍ። ሙጫው ይላላል፣ መድኃኒቱን የያዘው ስስ ሽፋን ይከፈታል። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።

ሐዋ የመጨረሻውን ቁጥር ጽፋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ ያኔ ሲለኩት ይህ እንዴት አመለጠዎት?»

ኤልዳና መስኮቱ ጋ ሄደች። ውጭ ጉም ወርዶ ነበር።

«አልለካሁትም» አለች።

ሐዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የማሞቂያው ክፍል ሠላሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ተቃጠለ። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር ይፈጃል ተባልኩ። ጥናቱን ለጆርናሉ ለማስገባት የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነበር። እስከዚያ የለካሁት ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ነበር የሠራልኝ። ማስመሪያ አስደግፌ ቀጠልኩት። ሦስት ነጥብ ጨመርኩ። አርባ፣ አርባ ሁለት ተኩል፣ አርባ አምስት። ‹ተለክቷል› ብዬ ጻፍኩ።»

«ዕቃውስ? አልመጣም?»

«መጣ። እስኪመጣ ግን ጥናቱ ታትሞ መጠቀስ ጀምሮ ነበር። እኔም ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። ደግሞ አርባ አምስት ዲግሪ ላይ የሚኖር ማን ነው ብዬ አሰብኩ። ደብረ ብርሃን ሆኜ እኮ ነው የማስበው፣ ሐዋ። ጠዋት ውሃ በረዶ በሚሠራበት አገር።»

«እኛ እንኖራለን» አለች ሐዋ። ደብተሩን ዘጋችው። «አሁን ምን ያደርጋሉ?»

ኤልዳና በማግስቱ ጥናቱ እንዲሻር ለመዝገቡ አመለከተች። ምክንያት በሚለው ቦታ «ስህተት» ብላ ሞላች። መልሱ ወዲያው መጣ። ጥናቱ ላይ የቆሙ አርባ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ሥራዎች አሉ። ስለዚህ ከስድሳ በላይ ቁጥር ባላቸው አምስት ተመራማሪዎች በተናጠል መፈተን አለበት፤ አማካይ የጥበቃ ጊዜው ስድስት ዓመት ከአራት ወር ነው። ያያያዘችው የአራት ቀን ሙከራ ተቀባይነት የለውም፤ የጫጩት መፈልፈያ ከታወቁ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

ወደ ተቋሙ ኃላፊ ወደ ፕሮፌሰር ናሆም ተካልኝ ቢሮ ሄደች። ናሆም ተማሪዋ ነበር። ፓምፑን ሲሠሩ ሌት ተቀን አብሯት የለፋው እሱ ነው፤ አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ደብተሩን በስልኳ አንስታ ነበርና ገጾቹን አሳየችው፤ ልኬቶቹንም። ስለ ማስመሪያውም ነገረችው። ሰምቶ እስኪጨርስ አላቋረጣትም።

«ዶክዬ፣ ይህንን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለነርሷ።»

«ስህተት ብለው ካመለከቱ ስድስት ዓመት ነው። ሌላ መንገድ የለም ማለት አልችልም፣ ያውቁታል። ማጭበርበር ከሆነ በዕለቱ ነው የሚሻረው።»

«ለዚሁ ነው የመጣሁት።»

ናሆም ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«አንዱ በማጭበርበር ከተሻረ ሁሉም ነው የሚሻረው። መዝገቡ አንድ ጊዜ ያጭበረበረን ሰው አንድም ቃል አያምንም። ፓምፑም ይሄዳል።»

«ፓምፑ እውነተኛ ሥራ ነው። አንተም ታውቃለህ።»

«እኔ ማወቄ ምን ዋጋ አለው? ሚልካ እኮ እሱን ነው የያዘችው!» ድምፁ ከፍ አለና ራሱ ደነገጠ። ሚልካ ባለቤቱ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጥላት ነበር፤ ፓምፑ ከገባላት አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል፣ አሥራ ሰባት ዓመት አልጣላትም። «ፓምፑ በየአርባ ቀኑ ይሞላል። ከተሻረ ማን ይሞላዋል? ያለ መዝገቡ ፈቃድ መድኃኒቱን የሚሰጥ ፋርማሲ የለም።»

«በአንተ ስም እንደገና አስገባው። ሥራው የሁለታችን ነው።»

«አምስት ሰው፣ ስድስት ዓመት።»

«ክኒኑስ?»

«ክኒኑ ስላልሠራላት እኮ ነው ፓምፕ የገባላት።» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ዶክዬ፣ አይፈርሙ አልልም። እንዲህ ብዬ ብለምንዎት ለአባቷ በእጇ የለጠፈችዋን ሴት ምን ብዬ አያታለሁ? ግን ይፈርሙም አልልም። ከእኔ አይጠብቁ።»

ኤልዳና አምስት ቀን ቆየች። ሐዋ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሆቴል ነበረች። በሦስተኛው ቀን የጤና ኬላው ጽዳት ሠራተኛ ደወለችላት። ሐዋ ደብተሩን አውጥታ ሠላሳ ሁለተኛውን ስም ጻፈች። በአምስተኛው ቀን ሁለት ስም በአንድ ላይ መጣ፤ ባልና ሚስት ነበሩ። ሐዋ ለኤልዳና ደውላ ስሞቹን ብቻ ነገረቻት። ስልኩን ዘጋች።

የማጭበርበር ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የጥናቱ ቁጥር ይሞላል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሆን ብለው ነው?» ኤልዳና ጥናቱን ለማሻር ስትል መዋሸት የሚኖርባት መስሏት ነበር። ጥያቄውን ስታነበው ግን ውሸት የሚሆነው «አይደለም» ማለት እንደሆነ ገባት። «አዎ» ብላ ሞላች፣ ጣቷን አሳረፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ተነገረ። የቆላ ጤና ኬላዎች ሁሉ የልብ ልጥፍ እንዲነቅሉ ታዘዘ። ሐዋ ካፖርቱን ለሆቴሉ ባለቤት መልሳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። በአውቶቡሱ በር ላይ ስትሰናበታት የኤልዳናን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ቆየች።

በኤልዳና ስም የወጡ አራት ሺህ አሥራ ስምንት ሥራዎች በአንድ ቀን ጠፉ። በማግስቱ ጠዋት ኤልዳና ደረጃውን ስትወርድ ማንም ምንም አልጠየቃትም። አንድ ጎረቤቷ በሩን ከፍቶ አያትና መልሶ ዘጋው። በሥራዎቿ ላይ ተመርኩዘው የተመረቁ ልጆች ከስድሳ ወደ ሃያ፣ ከአርባ ወደ ስድስት ወረዱ። ከመካከላቸው አንዷ ቤቷ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ግቢ ስትላት አልገባም ብላ ሄደች። ስሟን መዝገቡ ላይ የሚፈልግ ሰው «እንዲህ የምትባል ተመራማሪ የለችም» የሚል መልስ ያገኛል።

የሚልካ ፓምፕ ያለቀው በሐምሌ አጋማሽ ነበር። ናሆም መድኃኒቱን በየከተማው ፈለገ። አንድ ጊዜ ከጅማ ትንሽ ብልቃጥ አገኘና አሥራ ሁለት ቀን አቆየላት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጥላት ጀመር። ነሐሴ አሥር ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች፤ በሽታው አልተዋትም። ሆስፒታል ስትደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር። እስከ መስከረም ድረስ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ ሞቱ። መዝገቡ ሞታቸውን ከፓምፑ ጋር አላያያዘውም፤ ፓምፑ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

ኤልዳና ለቅሶ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ናሆም አያት፤ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ትክክል ነበሩ ዶክዬ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ግን ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይመጡ።»

«እሺ» አለችና ተነሳች።

ያን ክረምትና ያን በጋ ብቻዋን ነበረች። ሐዋ በየሳምንቱ ትደውልላት ነበር። ዓሊቡራ ውስጥ ቀን የሚሞት ሰው ቀርቷል፤ ልበ ደካሞቹ በድሮው ክኒን እየታገዙ ነው፣ እንደ ልጥፉ ባይመችም። ሐዋ ይህን ስትነግራት ኤልዳና ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አንዳንድ ጊዜ የሰዎቹን ስም እየጠራች አንድ በአንድ ትጠይቃታለች፤ እገሌስ? እገሊትስ? ሐዋም ትመልስላታለች።

መጋቢት ላይ የሐዋ ድምፅ ሌላ ነበር።

«ልጥፉ ተመልሶ መጥቷል።»

«የትኛው ልጥፍ?»

«ያው ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ሆኗል። ካርቶኑ ላይ ‹እስከ አርባ አምስት ዲግሪ አስተማማኝ› ይላል።»

ኤልዳና የሕዝብ ንባብ ቤት ገብታ ፈለገች። ማንበብ አልተከለከለም፤ የሚያነብ ሰው ነው የሌለው። ጥናቱ ኅዳር ላይ ነው የወጣው። አርባ አንድ ሺህ ሥራዎች የቆሙበት መሠረት ሲጎድል መዝገቡ ጉድለቱን ከእነዚያው ሥራዎች መልሶ ሞልቶታል። ሥዕሉ ላይ መስመሩ አለ። ከሠላሳ ስምንት በላይ ሦስቱ ነጥቦች አሉ፤ አርባ፣ አርባ ሁለት ተኩል፣ አርባ አምስት። ከአርባ አንድ ሺህ ቦታ የተቀዱ ስለሆኑ አንድም አልተዛነፉም። ጸሐፊው ፕሮፌሰር ናሆም ተካልኝ ይላል። ቀኑን አየች፤ ሰኞ ነበር። ናሆም ሚልካን በቀበረ በሦስተኛው ወር አዳራሽ ገብቶ፣ ከሌሎች ስድስት ሰባት ጋር፣ ሳያነብ ጣቱን አሳርፎ ወጥቷል።

ደወለችለት። አላነሳም። የሆነውን ጽፋ ላከችለት። «የጠቀሱት ምንጭ የለም» የሚል መልስ መጣላት።

«እንዳትለጥፊ» አለቻት ሐዋን።

«እኔ አልለጠፍኩም። ስለዚህ ከሥራ አስወጡኝ። ሌላ ልጅ ልከዋል፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ የታዘዘችውን ነው የምታደርገው። ሙቀቱ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አርባ ገብቷል።»

ኤልዳና ልብሷን በአንድ ቦርሳ ከተተች። ለወይዘሮ ሶልያና ቁልፉን ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ዓሊቡራ ደረሰች። ከአውቶቡሱ ስትወርድ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ፊቷን መታት፤ ትንፋሽ አጥሯት የአውቶቡሱን ጎን ይዛ ቆመች። ሐዋ ውሃና ሻሽ ይዛ ትጠብቃት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ሐዋ በአፋርኛ ትናገራለች፤ ኤልዳና አጠገቧ ትቆማለች። አንዳንዶቹ ወዲያው ነቀሉት። ብዙዎቹ ግን አዲሷን ነርስ ጠርተው ጠየቁ፤ ነርሷም መዝገቡን ጠየቀች። መዝገቡ ስለ ልጥፉ ጥሩ ነገር ተናገረ። ልጥፉን ስለ ሠራችው ሴት ሲጠየቅ እንዲህ የምትባል የለችም አለ። ልጅቷም የተነገራትን ሳታጎድል ተረጎመች። «የለችም የተባለችው ይኸው ቆማለች አይደለም እንዴ!» አለች ሐዋ ተቆጥታ። ሰዎቹ ኤልዳናን አዩዋት። በሙቀቱ ፊቷ የቀላ አሮጊት ነበረች። ልጥፉን አልነቀሉም።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሃያ ሁለት ቤት ዞሩ። የነቀሉት ዘጠኝ ናቸው።

ሃያ ሦስተኛው ያሲን የሚባል ሽማግሌ ቤት ነበር። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ሐሊማ አምና ከሞቱት አንዷ ናት። ከግራር ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰማያዊው ልጥፍ በተከፈተው ሸሚዙ ውስጥ ይታያል። ሐዋ ስትናገር በጸጥታ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኤልዳና በአገጩ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀ።

«‹ማን ናት?› ነው የሚልሽ» አለች ሐዋ። አብረው ከሰነበቱ ወዲህ አንቺ ማለት ጀምራለች።

«ንገሪው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ማስመሪያውንም።»

ሐዋ ነገረችው። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ኤልዳና ቋንቋውን ባትሰማም የሐሊማን ስም ሰማች፣ የራሷንም ስም ሰማች። ሽማግሌው ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ሲያበቃ ጥቂት ቃላት ተናገረ።

«ምን አለ?»

«‹ይህን እያወቀች ሠላሳ ዓመት ምን ትሠራ ነበር› ይላል።»

«እጠቀስ ነበር በይው» አለች ኤልዳና።

ያሲን የተተረጎመለትን ሰማ። የገባው አይመስልም፤ ወይም ገብቶታል። ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ ልጥፉን በሁለት ጣቱ ነቀለው። አሸዋው ላይ ጣለው። «ሐሊማ ስትሞት ይህ ደረቷ ላይ ነበር» አለ፤ ሐዋ ቀስ ብላ ተረጎመች። «እሱን ለማወቅ ማንንም አልጠይቅም። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ስትለጥፍልኝ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር።»

ዱላውን ይዞ ተነሳ።

«የት ሊሄድ ነው?»

«ወንድሙ ዓብዱ ከዚያ ማዶ ነው ቤቱ። እሱም ለጥፏል። ‹እናንተን አያምናችሁም፣ እኔ ልምጣ› ይላል።»

ሦስቱም ተያይዘው ወጡ። መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ሽማግሌው ግን በየመሐሉ እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ፀሐይዋ ከራሳቸው በላይ ነበረች። ፍየሎቹ ሳይቀሩ በየጥላው ተጠግተዋል። የዓብዱ ቤት ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ዓብዱ ከቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ሥር በጎኑ ተኝቷል። ሽርጡን እስከ ፊቱ ድረስ ተከናንቧል። አጠገቡ ውሃ የተሞላ ኩባያ አለ።

ያሲን ሁለቱን ሴቶች በእጁ ከኋላው አስቆማቸውና ብቻውን ጠጋ አለ። በዱላው ላይ ተደግፎ ጎንበስ አለ። ወንድሙን በስሙ ጠራው።

ደግሞ ጠራው።